ከጠረጴዛው ማዶ የኖሩት የአቶ ዊልበርት ኬስኪታሎ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ሀዘንተኞች፣ ጎረቤቶች፣ በዚህ የየካቲት በረዶ መኪናችሁ እየተንሸራተተም ቢሆን የደረሳችሁ ወዳጆች ሁሉ፤ ይህን የአጎቷን ታሪክ እንድትጽፍና እንድታነብ የተጠየቀችው የወንድማቸው ልጅ ሎሪ ናት። የተመረጠችውም አንደበቷ ለስላሳ ስለሆነ ሳይሆን፣ ከኬስኪታሎ ዘር ሳይጠይቋት የምትናገር እርሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ሟቹ “የሎሪ ምላስ የዓሣ ቢላዋ ነው፤ ይቆርጣል እንጂ እሾህ አያስቀርም” ይሉ ስለነበር፣ በንባቡ መካከል የሚጎረብጥ ቃል ብትሰሙ እርሳቸው አስቀድመው እንደፈቀዱት ቁጠሩላት።

አቶ ዊልበርት ኬስኪታሎ ከአባታቸው ከአቶ ኤይኖ ኬስኪታሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሌምፒ እ.ኤ.አ. በ1939 ጥር ወር፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት፣ ከክሎኬ ከተማ ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ ተወለዱ። የተወለዱትም እንደ ታላቅ ወንድማቸው እንደ አቶ ሩዲ ሁሉ ሳውና በምንለው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ በዚያ ዘመን ከእርሻው ሁሉ ንጹሕና ሙቅ የነበረው ስፍራ እርሱ ነበርና። አባታቸው ብርቱ እንጨት ቆራጭ፣ ከኪሳቸው ሳንቲም ይልቅ ከአፋቸው ቃል የሚሰስቱ ሰው ነበሩ። ሐይቁ ሲረጋ በረዶውን ቦርቡረው፣ ሁለቱን ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ዓሣ ሲያጠምዱ ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ቀድሞ የተናገረ ልጅ ባልዲውን ተሸክሞ ወደ ቤት ይመለሳል። አቶ ዊልበርት ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ ጣታቸው ደንዝዞ እንኳ ቃል ሳይተነፍሱ ይውሉ እንደነበር እስከ እርጅናቸው ድረስ በኩራት ያነሡት ነበር። በዚህ የሚኮራ ልጅ ሲያድግ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣው በጊዜው የጠየቀ አልነበረም።

ለትምህርት ሲደርሱ በቤታቸው ከሚነገረው ከፊንላንድ ቋንቋ በቀር ሌላ ስለማያውቁ የመጀመሪያውን ዓመት በዝምታ ጨረሱት፤ መምህርቷም ጨዋ ልጅ ናቸው ብላ አሳለፈቻቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በክሎኬ አጠናቀው፣ ወንድማቸው ቀድመው ወደገቡበት የወረቀት ፋብሪካ በተራ ሠራተኛነት ገቡ፤ ከፈረቃ መልስም ወደ ዱሉት ከተማ እየተመላለሱ የማታ ትምህርት ተከታትለው፣ ስለ አሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት የሚሰጠውን ኮርስ በጥሩ ውጤት ፈጸሙ። በ1964 በስልክ ቤት ትሠራ የነበረችውን፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ወሬ ይዛ የተፈጠረችውን ማርሊስ ሱንዴትን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ዳርላን፣ ወለዱ።

በእነዚያ ዓመታት አቶ ሩዲ የፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር፣ አቶ ዊልበርት ደግሞ ጸሐፊ ሆነው የኅብረት ስምምነቱን ድርድር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይካፈሉ ነበር። ሰው ሁሉ ሁለቱን እንደ አንድ ጥንድ ጓንት ነበር የሚያያቸው። ኋላ ግን ኩባንያው የአቶ ዊልበርትን ብስለት አይቶ ፎርማን አደረጋቸው። በፋብሪካችን ሠራተኛ ቢጫ፣ ፎርማን ነጭ የራስ መከላከያ ስለሚያደርግ፣ አቶ ዊልበርት ነጩን አድርገው በመጡበት ቀን አቶ ሩዲ በሠራተኛው ፊት ከላይ እስከ ታች አዩአቸውና፣ “ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል አንተ ልጅ፤ እንግዲህ አጣቢ ፈልግ” አሏቸው። አቶ ዊልበርትም፣ “ማርሊስ ታጥብልኛለች” ብለው መለሱ፤ ማርሊስም ይህን ስትሰማ፣ “በገዛ እጅህ እጠብ፣ እኔ ነጭ ግዛ አላልኩህም” አለች። ሦስቱም ሳቁ። ሦስቱ አብረው ሲስቁ ከታዩባቸው ቀኖች የመጨረሻዎቹ እነዚያ ነበሩ።

በ1977 መኸር ፋብሪካው እሑድን የሥራ ቀን ለማድረግ ፈለገ፤ ማሽኖቹ ቆመው በተነሡ ቁጥር ብዙ ወረቀት ይበላሻል የሚል ምክንያት ነበረው። ማኅበሩ በበኩሉ እሑድ የቤተ ክርስቲያን፣ የዓሣና የእናት ቀን ነው አለ። የኩባንያው ተናጋሪ ሆነው የቀረቡት አቶ ዊልበርት፣ የማኅበሩ ተናጋሪ ደግሞ አቶ ሩዲ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ድርድር ልማዱ ሁለቱ ወገኖች በየራሳቸው በር ገብተው በረጅም ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ከየወገኑም አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፤ የተቀረው አፉን ዘግቶ ፊቱን ማስተካከል ነው ሥራው። አቶ ዊልበርት ወንድማቸውን እያዩ፣ እሑድ በተራ እንዲሠራ፣ አንድ ሰው ከስድስት እሑድ አንዱን ብቻ እንዲሠራ የሚለውን የኩባንያውን ሐሳብ አቀረቡ፤ አቅርበውም ዝም አሉ። ሐሳብ ያቀረበ ተደራዳሪ ዝም ማለት አለበት፤ ቀድሞ ከተናገረ ያቀረበውን በገዛ አፉ ያረክሰዋልና። አቶ ሩዲም ዝም አሉ።

ሌሎች ሰዎች ቢሆኑ አንዱ ያስል፣ አንዱ ስለ አየሩ ያነሣ ነበር። በጠረጴዛው ወዲህና ወዲያ የተቀመጡት ግን የኤይኖ ልጆች ነበሩ፤ ባልዲውን ለመሸከም የፈለገ አልነበረም። ከመንግሥት የተላከው አስማሚ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ ጣሪያውን አየ፤ በማንቆርቆሪያው ያለው ውኃ ተጠጥቶ አለቀ። በዚህ መካከል አቶ ሩዲ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ያዙ። ከቤተሰቡ ውጭ ያለ ሰው ይህን ንቀት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ ሩዲ ኬስኪታሎ ግን መነጽር የሚወለውሉት እምቢ ሊሉ ሲሉ ሳይሆን እሺ የሚሉበትን መንገድ ሲፈልጉ ነው። ከኩባንያው ወገን ይህን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። “ወንድሜ፣ ምን ቢጨመርበት ይሻላል?” የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አቶ ዊልበርት አልተናገሩም። ሥራቸውን በሚገባ የሚያውቁ ሰው ነበሩና ሥራቸውን ሠሩ። አቶ ሩዲ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፣ ኮፍያቸውን አደረጉ፣ በገቡበት በር ወጡ።

በማግስቱ አድማ ተመታ፤ አድማውም የሐይቁ በረዶ እስኪሰበር ዘለቀ። ያን ክረምት የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ፤ የማታስታውሱት ደግሞ ከአጠገባችሁ የተቀመጡትን ጠይቁ፣ ቤታቸውን ዘግተው የሄዱትን በስማቸው ይጠሩላችኋል። በዚያው ክረምት ወይዘሮ ሌምፒ አረፉ። ሁለቱ ወንድማማቾች የእናታቸውን ሬሳ ሣጥን አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይዘው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን መካከል ተሸከሙ፤ ሣጥኑ ሳይዘነብል የሄደውም ቁመታቸው እኩል ስለሆነ እንጂ ስለተስማሙ አልነበረም። አድማው ሲያልቅ የተፈረመው ውል በዚያ ቀን ጠረጴዛ ላይ ከቀረበው ብዙም የራቀ አልነበረም። አቶ ሩዲ በቤታቸው፣ ሾርባቸውን ገፋ አድርገው፣ “ለእኔ ነው ዝም ያለኝ። ለሌላው ዝም ይበል። ለእኔ?” ሲሉ ልጃቸው ሎሪ አጠገባቸው ተቀምጣ ሰምታለች። ከዚያ በኋላ የወንድማቸው ስም በዚያ ቤት አልተነሣም።

አቶ ዊልበርት ከአድማው በኋላ ፋብሪካውን ለቀው፣ እስከ ጡረታቸው የኖሩበትን ሥራ ጀመሩ፤ ይኸውም ሥራ አስኪያጆች ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የኅብረት ስምምነት እንዴት እንደሚደራደሩ ማስተማር ነው። ከዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ማኅበር አፍራሽ ሆነ ብሎ አምቷቸዋል፤ ሐሜተኞቹም ዛሬ እዚህ አላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማኅበሩን ከፋብሪካቸው ለመንቀል የፈለጉ ባለሀብቶች ሲጠሯቸው፣ “ለማፍረስ ከሆነ ጠበቃ ቅጠሩ፤ እኔ የማስተምረው ከተፈራረሙ በኋላ በማግስቱ አብሮ ምሳ መብላት ለሚፈልግ ሰው ነው” ብለው ይመልሷቸው ነበር።

ከሚኒሶታ እስከ ዊስኮንሲንና ሚሺጋን ጫፍ፣ በየከተማው ሆቴል አዳራሽ እየተከራዩ ሲያስተምሩ የነበረውን ሁኔታ፣ ዛሬ በግራ በኩል የተቀመጣችሁት ተማሪዎቻቸው ከዚህች አንባቢ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሕጉንና ዘዴውን ያስረዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን በጠረጴዛው አንድ ወገን ይደረድሩና ከክፍሉ ይወጣሉ። ተመልሰው በሌላው በር ሲገቡ ክራባቱ የለም፤ ቼክ የሱፍ ጃኬት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው የማኅበር ሊቀመንበር ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ተማሪያቸው፣ “ሲወጣ መምህር ነው፤ ሲገባ አባቱን የገደልኩበት ይመስላል” ብሎ ነበር። “ና እስቲ አንተ ጎረምሳ፣ እሑድ እሑድ የት ነው የምትውለው?” ይሉታል አንዱን። “ያው… ጀልባዬ ላይ።” “የእኔ ሰውስ የት ይዋል ትላለህ?” ልጁ ዝም ሲል፣ “ተናገር እንጂ፤ እስካሁን እንደ ሬዲዮ ስትለፈልፍ አልነበር?” ይሉታል፤ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። ያ ድምፅ፣ ያ ኮፍያ አጣጣል፣ ያ አገጭ የማን እንደሆነ ከተማሪዎቹ ያወቀ አልነበረም። እርሳቸውም አልተናገሩም። ወንድማቸውን ካጡ በኋላ ከወንድማቸው ጋር የሚገናኙት በዚያ አዳራሽ፣ በራሳቸው ገላ ውስጥ ብቻ ነበር።

ከሕጎቻቸው ሁሉ የታወቀው ሐሳብ አቅርቦ ዝም ማለት ነበር። በዚህ ላይ ግን ከአድማው ወዲህ አንድ የጨመሩት ነገር አለ። ሊቀመንበር ሆነው በተቀመጡበት መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ይጀምራሉ፤ ተማሪዎቹ በጠዋቱ ትምህርት መሠረት ዝም ብለው ያያሉ። ያን ጊዜ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው፣ “አሁን ነው የምትናገሩት! ሰው መነጽሩን ሲወለውል ዝም አትበሉ፤ ያን ጊዜ ዝም ያለ ብልህ አይደለም፣ ደንቆሮ ነው” ይላሉ። ከትምህርታቸው ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉት በዚህ ቦታ ብቻ ነበር።

ለሌላው ያስተማሩትን ለራሳቸው ያላዋሉት ነገር ካለ ይኸው ነው። ኑሯቸው መንገድና ሞቴል ሆነ፤ እራታቸውን ግድግዳ እያዩ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። አርብ ማታ ቤት ሲደርሱም ለሚስታቸው የተረፈ ቃል አልነበራቸውም። ወይዘሮ ማርሊስ፣ “ምን አቀረብክልኝና ነው ዝም ብለህ የምትጠብቀው? ንገረኝና ልቀንስልህ” እያለች ትቀልድባቸው ነበር፤ ቀልዱ ግን ዓመት በዓመት እየቀጠነ ሄደ። በ1999 በካንሰር ስታርፍ አቶ ሩዲ በቀብሯ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ቆመው ታይተዋል፤ ከሥር ለሀዘንተኛው ወደተሰናዳው ምግብ ግን ሳይወርዱ ሄዱ። ልጃቸው ዳርላም ኑሮዋን በአሪዞና ካደረገች ወዲህ፣ አቶ ዊልበርት ስልክ ሲደውሉላት የሚሰማው አብዛኛውን እስትንፋሳቸው እንደነበር እርሷው ነግራናለች።

አባታቸው የተዉት የሐይቁ ዳር ሳውና ግን የሁለቱም ነበርና፣ ሳይነጋገሩ ተካፈሉት፤ አርብ የአቶ ዊልበርት፣ ቅዳሜ የአቶ ሩዲ ሆነ። በእኛ ዘንድ ከሳውና የወጣ ሰው ለሚቀጥለው እንጨት ፈልጦ፣ ከምድጃው አጠገብ ደርድሮ ይሄዳል። በእነዚያ ሁሉ የዝምታ ዓመታት አንድም ቅዳሜ አቶ ሩዲ፣ አንድም አርብ አቶ ዊልበርት እንጨት አጥተው አያውቁም። ይህን እንደ ፍቅር የሚተርኩላችሁ ይኖራሉ። ይህች አንባቢ ግን አንዱ ለሌላው እንጨት ከሚፈልጥ ቢነጋገሩ ይቀላቸው ነበር ባይ ናት።

አቶ ሩዲ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በተቀመጡበት የመጨረሻ ድርድር ላይ አንድ ነገር ሆነ። ኩባንያው የላከው ሥራ አስኪያጅ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነበር። ነገሩ ጠጥሮ፣ ሁሉም ዝም ባለበት ሰዓት አቶ ሩዲ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ሲጀምሩ፣ ወጣቱ ከወንበሩ ብድግ ሊል ምንም ሳይቀረው፣ “አቶ ሩዲ፣ ምን ቢጨመርበት እሺ ይላሉ?” አላቸው። አቶ ሩዲ እጃቸው ሸሚዛቸው ላይ እንዳለ ቀረ። “ይህን ማን አስተማረህ?” አሉት። “ዊስኮንሲን፣ ግሪን ቤይ ከተማ ላይ የሚያስተምር አንድ ሰውዬ አለ፤ መነጽር ሲወለወል ዝም አትበሉ ይለናል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኮፍያ ሲጥል ቁርጥ እርስዎን ነው።” ውሉ በዚያው ቀን አለቀ፤ አድማም አልተመታም። አቶ ሩዲ ቤት ገብተው፣ “ሌባ! የእኔን መነጽር ለኩባንያ ይቸረችራል” ብለው ሲናደዱ ዋሉ። በዚያ ቅዳሜ ግን ከሳውናው የወጡት ዘግይተው ነበር፤ ለአርብ የተዉትም እንጨት ከወትሮው ቀጠን ተደርጎ የተፈለጠ፣ ቶሎ እሳት የሚይዝ፣ በርች የሚባል ዛፍ ነበር። ቀጥሎ የመናገሩ ተራ የማን እንደሆነ ግን ሁለቱም ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ።

አቶ ዊልበርት ጡረታ ከወጡ በኋላ በዚያው ቤታቸው ብቻቸውን ሲኖሩ ቆይተው፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ ጎናቸውንና ንግግራቸውን ወሰደባቸው። ሐሳባቸው ደህና ነበር። ቃሉ ነው የጠፋው። ሎሪ ይህን ለአባቷ ስትነግር፣ አቶ ሩዲ፣ “እንግዲህ እርሱ ሊጀምር አይችልም ማለት ነው” አሉ። “አዎ አባዬ፣ አይችልም፤ ብትጠብቅ ሁለታችሁም ትሞታላችሁ” አለቻቸው። “ቁልፍ አምጪ” አሉ።

መኪናውን የነዳችው ሎሪ ስለሆነች የሆነውን በዓይኗ አይታለች። አቶ ሩዲ በሕሙማን ማረፊያው ክፍል ገብተው፣ ኮፍያቸውን አልጋው ላይ ጥለው ከወንድማቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዝም አሉ። አቶ ዊልበርትም አዩአቸው እንጂ ምንም ሊሉ አይችሉም። ነርሷ ገብታ አየቻቸውና እግሯን ቀስ አድርጋ ወጣች። ከብዙ ቆይታ በኋላ አቶ ሩዲ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ። አቶ ዊልበርት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ የወጣ ቃል ግን የለም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ መናገር ሲገባቸው ያልተናገሩት ሰው፣ አሁን መናገር ፈልገው ተሳናቸው። ያን ጊዜ ጤነኛ በሆነችው በግራ እጃቸው የራሳቸውን መነጽር ከፊታቸው አወረዱና፣ በብርድ ልብሱ ጫፍ መወልወል ያዙ። አቶ ሩዲ እጃቸውን አቁመው አዩአቸው።

“እሺ” አሉ በመጨረሻ። “እሑድ እሠራለሁ።”

አቶ ዊልበርት በግማሽ አፋቸው ሳቁ፤ በሌላው ግማሽ ያለቀሱ እንደሆነ ተመልሳ የገባችው ነርስ ጠርጋዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሩዲ አንድ እሑድ አላስተጓጎሉም። ሐይቁ ስለ መርጋቱ፣ ስለ ዓሣው፣ ጎረቤት ስለ ገዛው የማይረባ ትራክተር ሁሉ አንድ በአንድ ይነግሯቸዋል፤ የኬስኪታሎ ቤት በዘመኑ ያልሰማውን ያህል ወሬ በአንድ ክፍል ውስጥ ፈሰሰ። መልስ ግን አልነበረም። ዘግይቶ የመጣ ንግግር እንዲህ ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል። አቶ ዊልበርት ያረፉትም ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወንድማቸው ፈረቃቸው ላይ ነበሩ።

አቶ ዊልበርት ኬስኪታሎ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ ልጃቸውን ዳርላን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ሩዲ ኬስኪታሎን፣ የወንድማቸውን ልጅ ሎሪን፣ በየፋብሪካውም ቃልና ዝምታቸውን የሚመዝኑ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። በሐይቁ ዳር ከምድጃው አጠገብ የደረደሩት የመጨረሻ እንጨትም እንዳለ አለ። አቶ ሩዲ ያንድዱት ሲባሉ እምቢ ብለዋል፤ ማንም አይንካባቸው።

ዛሬ ወደዚህ ቤት ስትገቡ ሥራ አስኪያጆች በግራ፣ የማኅበሩ ሰዎች በቀኝ ተቀምጣችኋል፤ ማን እንደመደባችሁ የታወቀ ነገር የለም። የቀብሩ ሥርዓት ሲያልቅ እናቶች ምግቡን ከሥር አሰናድተው ይጠብቋችኋል፤ ወደዚያ የሚያወርደው ደረጃ አንድ ነው፣ በሩም አንድ ነው። ሰሃን ይዛችሁ ስትሰለፉ ከፊታችሁ ያለው ቀድሞ እንዲናገር አትጠብቁት። የኤይኖን ባልዲ አቶ ሩዲ ተሸክመውታልና ከእንግዲህ ማንም አያፍርበት።

ልብ ያሰበውን አፍ ሳይናገረው የሚሰማ አምላክ፣ የአገልጋዩን የዊልበርትን ነፍስ ከአባቱና ከእናቱ፣ ከማርሊስም ጋር በሰላም ያሳርፍ፤ በዚያም ስፍራ ቀድሞ በስሙ ይጥራው። ለቀሩትም መጽናናትን፣ ጊዜውም ሳያልፍ ቃልን ይስጣቸው። አሜን።